ኒኮላ ቴስላና ሽቦ አልባው ትእዛዝ

በአስኮ ካሉት መኖሪያ ቤቶች በአንዱ መብራቱን፣ የውሃ ፓምፑንና የግቢውን በር በኢንተርኔቱ ራውተር በኩል ለማዘዝ የሚነሣ ባለሙያ ሁለት ነገር ይሻል፤ ዕቃውን የሚያሠራ ኤሌክትሪክና ትእዛዙን የሚያደርስ የሬዲዮ ሞገድ። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ የኒኮላ ቴስላ ስም አለ።

ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1856 ዛሬ ክሮኤሽያ በምትባለው አገር፣ ስሚልያን በተባለች መንደር፣ ከሰርቢያዊ ኦርቶዶክስ ቄስ ተወለደ። በግራትስ የጀመረውን የቴክኒክ ትምህርት ሳይጨርስ ቀርቶ፣ በ1884 ኒው ዮርክ ገባ። በ1888 ለተለዋዋጭ ኮረንቲ ሞተሩ የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1896፣ ይኸውም ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል በነሣችበት ዓመት፣ ከናያግራ ፏፏቴ የመነጨው ኃይል በእርሱ ሥርዓት ቡፋሎ ከተማ ደረሰ። ዛሬ ወደ አስኮ ቤቶች የሚገባውም ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው።

በ1898 ግን ከዚህም የሚደንቅ ነገር አሳየ። በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በገንዳ ውሃ ላይ ያንሳፈፋት አነስተኛ ጀልባ፣ ሽቦ ሳይታሰርባት፣ ስትሄድ፣ ስትዞር፣ መብራቷን ስታበራና ስታጠፋ ታየች። ተመልካቹ ምትሐት ቢለው አያስገርምም። ምሥጢሩ ግን ቀላል ነበር፤ ጀልባዋን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል በውስጧ ካለው ባትሪ ሲሆን፣ ሞገዱ ያመጣው ትእዛዝን ብቻ ነው። ራውተሩም እንዲሁ አምፖሉን አያበራም፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ያዛል እንጂ። ትእዛዙ በቀጥታ በቤት ውስጥ ከተላለፈ የኢንተርኔት መቋረጥ አያግደውም። ባሕር ማዶ ካለ ኮምፒዩተር ዞሮ እንዲመጣ ከተደረገ ግን፣ ባለቤቱ ደጁ ላይ ቆሞ በሩ ሳይከፈትለት ሊቀር ይችላል።

የሌላ ሰው ሞገድ ጀልባዋን ቢያዝስ? ቴስላ ይህንንም አስቦበታል። በ1900 አመልክቶ በ1903 በተፈቀደለት ዘዴ፣ የተለያየ ድግግሞሽ ያላቸው ሁለት ሞገዶች በአንድነት ካልደረሱ መቀበያው ሥራውን አይሠራም። ራውተሩን ከፋብሪካ በወጣበት የይለፍ ቃል ትቶ የበር ቁልፍ የሚያገናኝበት ባለሙያ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የታሰበበትን ጥንቃቄ ዘንግቷል ማለት ነው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጀልባዋን አልፈለጋትም። በ1901 በሞርጋን ገንዘብ ያስጀመረው የዋርደንክሊፍ ማማም ገንዘቡ ስለተቋረጠ ሳይፈጸም ቀርቶ በ1917 ፈረሰ። ቴስላ ዕዳ ተከማችቶበት ከሆቴል ሆቴል ሲዘዋወር ኖረ። በጃንዋሪ 7 ቀን 1943፣ በአባቱ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በገና ዕለት፣ በኒው ዮርከር ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሞተ።