አባጨጓሬን ያልናቀችው ሠዓሊ

በቂርቆስና በካዛንቺስ መንገድ ዳር አበባ ላይ ቢራቢሮ ሲያዩ ቶሎ ብለው ፎቶ የሚያነሱ እጩ መምህራን በመካከላችን አሉ። ደግ ልማድ ነው። ካሜራ ከመፈጠሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድማ ይህንኑ ሥራ በብሩሽ የሠራችውን የማሪያ ሲቢላ ሜሪያንን ሕይወት ቢያውቁ ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማሉ እንላለን።

ማሪያ እ.ኤ.አ. በ1647 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደች። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ሥዕልን ከእንጀራ አባቷ ተማረች። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማርባት ጀመረች። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው ትል ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራል ባይ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ ያየችውንም፣ ማለት እንቁላሉን፣ አባጨጓሬውን፣ ሙሽሬውንና ቢራቢሮውን፣ አባጨጓሬው ከሚበላው ተክል ጋር ባንድ ገጽ ላይ ሣለች።

በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ታናሽ ልጇን አስከትላ በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ሱሪናም ተሻገረች። ያገሩ ተወላጆችና በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በሥራዋ ረዷት። በ1701 በሕመም ምክንያት ተመለሰች። የሱሪናም ሥዕሎቿ በ1705 በመጽሐፍ ታተሙ። በ1717 በአምስተርዳም አረፈች።

ታዲያ ምን እንማር? ክንፍ ብቻ ማንሳት ግማሽ ሥራ ነው። ነገ ክፍል ገብተን ክንፉን ብቻ ካሳየናቸው፣ ልጆቹ አባጨጓሬውን በጫማ ጨፍልቀው ቢራቢሮ የት ሄደ ይሉናል። እንግዲህ ፎቶ አንሺዎቻችን ጎንበስ በሉ፤ ከጎመኑና ከሎሚው ቅጠል ሥርም ተመልከቱ። ቅጠሉን ግን አትቀንጥሱ!