ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና የዘመናቸው ጠመንጃ

ተማሪዎች ሆይ! የአንድን ንጉሥ ታሪክ ስታነቡ በዘመኑ የነበረውን የጦር መሣሪያ ጠባይም ብታስተውሉ፣ የጦር ሜዳውን ነገር አጥርታችሁ ትረዳላችሁ። ስለዚህ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ሕይወት ከዘመናቸው ጠመንጃ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱ።

ዐፄ ዮሐንስ ከመንገሣቸው በፊት ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ይባሉ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በግዛታቸው እንዲያልፍ ፈቀዱ፤ ጦሩም ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አቅራቢያ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን በገጠሙ ጊዜ፣ ሠራዊታቸው በቁጥር ቢያንስም በመሣሪያና በሥልጠና ይበልጥ ስለ ነበር ድል አደረጉ። ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ።

ከዚህ በኋላ ግብጾች ከሰሜን መጡባቸው። ዐፄ ዮሐንስ ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዚያው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ደግሞ በጉራ ድል ነሷቸው። በእጃቸው ከገባው ምርኮ አንዱ ሬሚንግተን የተባለው ጠመንጃ ነበር። የቀድሞው ጠመንጃ ባሩድና አረር በአፈ ሙዙ ይጎርስ ነበር፤ ሬሚንግተን ግን ከኋላው አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል።

ይሁን እንጂ ፍጥነት ያለ ዋጋ እንደማይገኝ ልብ በሉ። ባሩዱ በተቃጠለ ቁጥር ከሙቀቱ ከፊሉ አረሩን ተከትሎ ይወጣል፤ ከፊሉ ግን በብረቱ ውስጥ ይቀራል። ብረቱም ሙቀቱን ለአየር የሚሰጠው ቀስ በቀስ ነው። ተኳሹ ሳያርፍ ቢተኩስ የፊተኛው ሙቀት ሳይበርድ የኋለኛው ይደረብበታል፤ በመጨረሻም ብረቱ በባዶ እጅ የማይጨበጥ ይሆናል። የዚያ ዘመን ጥቁር ባሩድ ደግሞ በቱቦው ውስጥ ጥላሸት ይተዋል። ሙቀቱ ጥላሸቱን አድርቆ ሲያጠነክረው አረሩ ዒላማውን መሳት ይጀምራል፤ ባዶው ቀለህም አልወጣ እያለ ያስቸግራል። ስለዚህ ብልህ ተኳሽ ጥይቱን ይቆጥባል፤ ብረቱንም ያሳርፋል።

በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከሱዳን ተነሥተው ጎንደር ገቡ፤ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ጣልያኖች ምጽዋን ይዘው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሁለት ጠላት መካከል ሆነው ወደ መተማ መዝመትን መረጡ።

መተማ ቆላ ናት፤ በመጋቢት ፀሐይዋ ይበረታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ገና ሳይተኮስበት በፀሐይ የሞቀ ብረት፣ ከተተኮሰበት በኋላ ለመብረድ ከደጋው ይልቅ ይዘገያል። ድርቡሾችም በእሾህ አጥር ተከበው ይጠብቁ ነበር። በእጃቸው የነበረው መሣሪያ እነርሱም ከግብጾች የማረኩት ሬሚንግተን ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ባለቤት በተማረከ ጠመንጃ ተፋለሙ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉም የተቃረበ መሰለ። ነገር ግን ከፊት ሆነው ይዋጉ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በጥይት ተመቱ። ወሬው በሠራዊቱ መካከል ሲሰማ ውጊያው ላላ፤ ሠራዊቱም አፈገፈገ። ዐፄ ዮሐንስ በማግሥቱ ዐረፉ። አስከሬናቸው በድርቡሾች እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ከዚህ ታሪክ ምን ትረዳላችሁ? መሣሪያ ዐፄ ዮሐንስን ለዙፋን አብቅቷል፤ በጉንደትና በጉራ የተገኘውም መሣሪያ ኀይላቸውን አጠንክሯል። በመተማ ግን ያው መሣሪያ በጠላትም እጅ ስለ ነበር የበላይነት አላስገኘላቸውም። በዚያች ዕለት ሠራዊቱን ያጸናው የንጉሡ በፊት መገኘት ነበር፤ የፈታውም የእርሳቸው መውደቅ ነው። የድንበሯ ከተማ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች።