የኧርንስት አቤ የሕይወት ታሪክና የጦር ሜዳ መነጽር

በቋንቋችን የጦር ሜዳ መነጽር የሚባለው መሣሪያ ስሙ ከጦርነት ጋራ የተያያዘ ቢሆንም፣ ዛሬ በአንገታቸው አንጠልጥለውት የሚሄዱት አብዛኛዎቹ ሰዎች ጦርነትን የሚያስቡ አይደሉም። ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ወደ ባሌ ተራሮች የሚመጡት የወፍ ተመልካቾች ይህን መሣሪያ ከእጃቸው አይለዩትም፤ አዳኞችም ያለ እርሱ ወደ ዱር አይወጡም። ባልንጀሮቻችን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ሲጽፉ፣ እኛ ደግሞ መነጽሩን ለዛሬ ወጉና ማዕርጉ ካበቁት ሰዎች መካከል ዋናው የሆነውን የኧርንስት አቤን ታሪክ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኧርንስት አቤ ጃንዋሪ 23 ቀን 1840 ዓ. ም. በጀርመን አገር አይዘናኽ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፤ በኋላም የሠራተኞች አለቃ ሆኗል። በዚያን ጊዜ የፋብሪካ ሥራ በቀን 14፣ 15 አንዳንድ ጊዜም 16 ሰዓት ይደርስ ነበር፤ የምሳ ዕረፍት የሚባል ነገርም አልነበረም። ኧርንስት ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜው ድረስ ከእኅቱ ጋራ እየተፈራረቀ ለአባቱ ምሳ ያደርስ ነበር። አባቱም ከመኪናው ሳይርቅ፣ ወደ አንድ ነገር ተደግፎ ምግቡን ከድስቱ በችኮላ ከበላ በኋላ ባዶውን ድስት ለልጁ መልሶ ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል። ይህ አባት ቁመቱ ረጅም፣ ጕልበቱም የማያልቅ የሚመስል ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ገና በ48 ዓመቱ መልኩም አቋሙም የሽማግሌ ሆነ። ልጁ ይህን ያየውን ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም። ከዚህ በታች እንደምንገልጸው፣ ከፍ ካለ ደረጃ በደረሰ ጊዜ የሠራው ትልቅ ሥራ ከዚህ የመጣ ነው።

ልጁ በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ የአባቱ አሠሪዎች ረዱትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1857 ዓ. ም. ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ወደ ዬና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብና ፊዚክስ ተማረ፤ ገንዘቡም ስለማይበቃው ሌሎችን እያስጠና ኑሮውን ይደጕም ነበር። ቀጥሎም ወደ ጌቲንገን ሄዶ በ1861 ዓ. ም. በ21 ዓመቱ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1863 ዓ. ም. ወደ ዬና ተመልሶ በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመረ።

በዬና ከተማ ካርል ዛይስ የሚባል የመሣሪያ ሠሪ ነበረ። ዛይስ የሥራ ቤቱን የከፈተው በ1846 ዓ. ም. ሲሆን ማይክሮስኮፕ እየሠራ ይሸጥ ነበር። የማይክሮስኮፕ ሌንስ ይሠራ የነበረው ግን በሙከራ ብቻ ነው። አንዱ ሌንስ ከሌላው ጋራ ተገጥሞ ይታያል፤ ካልተስማማ ይነሣና ሌላ ይተካል፤ እንዲህ እየተባለ አንድ ደኅና መሣሪያ እስኪገኝ ብዙ ድካምና ብዙ መስታወት ይጠፋል። ዛይስ በዚህ አሠራር ስላልረካ በ1866 ዓ. ም. ወደ ወጣቱ አስተማሪ ቀርቦ፣ ሌንስ ከመሞረዱ በፊት ቅርጹን በስሌት አስቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደ ሆነ እንዲመረምርለት ጠየቀው። ዛይስ የ50 ዓመት፣ አቤ የ26 ዓመት ሰው ነበሩ።

ሥራው በአንድ ጊዜ አልተሳካም። አቤ በመጀመሪያ በስሌቱ መሠረት ያሠራቸው ሌንሶች በሙከራ ከተሠሩት ይልቅ የባሱ ሆነው ተገኙ። ስሕተትን ለማስወገድ ብሎ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ማጥበቡ ሥዕሉን ደካማ አደረገበት። አቤ ግን ይህን ውድቀት ትቶት አልሄደም፤ ምክንያቱን ፈለገ። በመጨረሻም ብርሃን በጥቃቅን ነገሮች መካከል ሲያልፍ እንደሚበተን፣ ሌንሱም ከዚህ የተበተነ ብርሃን ብዙውን ካልሰበሰበ ጥቃቅኑ ነገር ተለይቶ እንደማይታይ ተረዳ። በ1872 ዓ. ም. የዛይስ ማይክሮስኮፖች ሁሉ በአቤ ስሌት መሠራት ጀመሩ። በ1873 ዓ. ም. ደግሞ በማይክሮስኮፕ ለይቶ ማየት የሚቻለው ነገር ወሰን እንዳለው፣ ወሰኑም በብርሃኑ ሞገድ ርዝመትና ሌንሱ ብርሃን በሚሰበስብበት አንግል ላይ እንደሚመሠረት በጽሑፍ አስታወቀ።

ስሌቱ ቢቃናም አንድ ችግር ቀረ፤ ይኸውም መስታወቱ ነው። አንድ ሌንስ ነጭ ብርሃንን ልክ እንደ ቀስተ ደመና ወደ ልዩ ልዩ ቀለማት ስለሚከፍለው፣ በሚታየው ነገር ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ይታያል። ይህን ለማጥፋት ጠባያቸው የተለያየ የመስታወት ዓይነቶች ያስፈልጋሉ፤ በዘመኑ የነበሩት ደግሞ ጥቂት ነበሩ። በ1879 ዓ. ም. ኦቶ ሾት የሚባል ወጣት የኬሚስትሪ ሊቅ አዲስ ዓይነት መስታወት ማቅለጡን ለአቤ ጻፈለት። ሁለቱ ተግባብተው ሾት በ1882 ዓ. ም. ወደ ዬና መጣ፤ በ1884 ዓ. ም. ከዛይስና ከልጁ ጋራ የመስታወት ፋብሪካ አቋቋሙ። በ1886 ዓ. ም. ይህ ፋብሪካ 44 ዓይነት መስታወት በዝርዝር አውጥቶ ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት አቤ አዲሱን መስታወትና ፍሎራይት የሚባለውን ማዕድን አጣምሮ የቀለም ጠርዝ በእጅጉ የጠፋለትን የማይክሮስኮፕ ሌንስ አወጣ። ዛሬም አንድ መስታወት ብርሃንን ምን ያህል ወደ ቀለማት እንደሚበትን የሚነገርበት ልክ የአቤ ቍጥር ይባላል።

አሁን ወደ ጦር ሜዳ መነጽር እንመለስ። የቀድሞው መነጽር ከፊት ጐባጣ፣ ከዓይን በኩል ደግሞ ጐድጓዳ ሌንስ ያለው ነበር። ሥዕሉን ቀጥ አድርጎ ቢያሳይም የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ስለ ሆነ ከሦስት ወይም ከአራት እጥፍ አብልጦ ማጕላት አይመችም ነበር። በሁለት ጐባጣ ሌንሶች የሚሠራው ቴሌስኮፕ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ነገር ግን ሥዕሉን ይገለብጠዋል። ለመገልበጡ መድኀኒቱ ፕሪዝም ነው። ብርሃኑ በሁለት ፕሪዝሞች ውስጥ አራት ጊዜ ሲንጸባረቅ ሥዕሉ ይቃናል፤ መንገዱም ስለሚታጠፍ ረጅሙ ቱቦ ያጥራል። አቤ እንዲህ ያለ መሣሪያ አስቦ በ1873 ዓ. ም. በቪየና የዓለም ኤግዚቢሽን አሳይቶ ነበር። በኋላ ግን ኢኛጽዮ ፖሮ የተባለ ኢጣልያዊ በ1854 ዓ. ም. ይህንኑ ሐሳብ እንደ ቀደመው ታወቀ። በ1893 ዓ. ም. የዛይስ ድርጅት የባለቤትነት መብት በጠየቀ ጊዜም በፕሪዝሙ ላይ መብት አላገኘም። የተፈቀደለት፣ የፊት ሌንሶቹ ከሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት የበለጠ ተራርቀው በመቀመጣቸው የነገሮችን ቅርብና ሩቅ አጕልቶ ለሚያሳየው አሠራር ብቻ ነው። መነጽሩ በ1894 ዓ. ም. ለገበያ ወጣ። ፖሮ ያልነበረው ነገር ለአቤ ነበረው፤ ይኸውም ጥሩ መስታወትና ትክክለኛ ስሌት ነው።

ዛሬ እጅግ ውድ የሆኑትን መነጽሮች የሚያወዳድር ሰው አቤ ያነሣቸውን ጥያቄዎች መልሶ ይጠይቃል። በመነጽር ላይ እንደ 8×42 ያለ ቍጥር ይጻፋል። ፊተኛው መነጽሩ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ኋለኛው የፊት ሌንሱ ስፋት ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ ያመለክታል። 42ን ለ8 ብናካፍል 5.25 እናገኛለን፤ ይህ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በ10×42 ግን 4.2 ብቻ ይሆናል። በቀን ብርሃን የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ልዩነቱ አይሰማም፤ ሲመሽ ግን ብሌን ይሰፋል፤ በወጣት ሰው እስከ 7 ሚሊሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በማለዳና በምሽት የሚያደባ አዳኝ 8×56 ቢይዝ፣ ክብደቱን ከቻለ፣ ይጠቅመዋል፤ 56 ለ8 ሲካፈል 7 ነውና። አዳኝ በሕግ የተፈቀደለትን እንስሳ ካልተፈቀደለት፣ ወንዱን ከሴቱ ሳይለይ መተኰስ ስለማይገባው ይህ ብርሃን ለእርሱ የቅንጦት ነገር አይደለም።

የወፍ ተመልካች ችግር ከዚህ ይለያል። ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስለምትዘል ሰፊ ቦታ የሚያሳይ መነጽር ያስፈልገዋል። በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ የስዋሮቭስኪ ድርጅት በ2020 ዓ. ም. ያወጣው ኤን ኤል ፒዩር 8×42 የ159 ሜትር፣ የዛይስ ቪክቶሪ ኤስ ኤፍ 8×42 የ148 ሜትር፣ ላይካ በ2016 ዓ. ም. ያወጣው ኖክቲቪድ 8×42 የ135 ሜትር ስፋት ያሳያሉ። የሦስቱም ዋጋ ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው። በስፋት ስዋሮቭስኪ ይቀድማል፤ ዛይስ ደግሞ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ቀርቦ ማሳየት ስለሚችል በአጠገባችን ያለችውን ቢራቢሮ ለማየት ይመቻል። ላይካ በስፋት ቢያንስም አካሉ አጠር ያለ ነው፤ የሚያሳየውን ቀለም የሚወዱለትም ብዙዎች ናቸው። ዐሥር እጥፍ የሚያቀርበው በሐይቅ ማዶ ላለ ወፍ ቢሻልም የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ዐሥር እጥፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በጫካ ውስጥ ስምንቱን መምረጥ ይሻላል።

የእነዚህ መነጽሮች ቱቦ ቀጥ ያለ ነው፤ ፕሪዝማቸው ከፖሮው የተለየ ነውና። ከቀጥታዎቹ ፕሪዝሞች አንዱ የአቤ ኬኒሽ ፕሪዝም ሲባል፣ መስታወት የሚመስል ቅብ ሳያስፈልገው ብርሃኑን ሁሉ ስለሚያንጸባርቅ ለምሽት አዳኞች በሚሠሩ ትልልቅ መነጽሮች ይገኛል። ቢሆንም መነጽሩን ያስረዝመዋል። ገዢ ሁሉ በገንዘቡ ከመወሰኑ በፊት አንድ ቀላል ፈተና ቢያደርግ እንመክራለን። ጥቍር ቅርንጫፍን በደማቅ ሰማይ ላይ ይመልከት፤ በጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ካየ አቤና ሾት ከመቶ ዓመት በፊት የታገሉት ጠላት ገና አልተሸነፈም ማለት ነው።

አቤ በ1875 ዓ. ም. በተደረገ ውል የዛይስ ድርጅት ባለ ድርሻ ሆኖ ነበር፤ በዚህም ባለጸጋ ሆነ። ዛይስ በ1888 ዓ. ም. ሲሞት ድርጅቱ በአቤ እጅ ነበረ ለማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ እንደ ብዙ ሰዎች ሀብቱን ለራሱና ለሁለት ሴቶች ልጆቹ ብቻ ሊያከማች ይችል ነበር። እርሱ ግን በ1889 ዓ. ም. በዛይስ ስም አንድ የበጎ ሥራ ተቋም መሠረተ፤ በ1891 ዓ. ም. በማይክሮስኮፕና በመስታወት ፋብሪካዎቹ የነበረውን ድርሻ ለዚሁ ተቋም አስረከበ። በ1896 ዓ. ም. በወጣው ደንብ ሠራተኛ ሲታመምና ሲያረጅ የሚረዳበት፣ ዕረፍት የሚያገኝበት መብት ተጻፈለት፤ ማንም ሰው በሃይማኖቱ፣ በትውልዱ ወይም በፖለቲካ ሐሳቡ እንዳይበደል ተደነገገ። የድርጅቱ አለቆች ደመወዝ እንኳ ከሠራተኛው አማካይ ገቢ ከዐሥር እጥፍ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ትርፉም ለዬና ዩኒቨርሲቲና ለሕዝብ ጥቅም ይውል ነበር።

በ1900 ዓ. ም. አቤ የቀኑን ሥራ ከ9 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት አወረደው። ይህን ያደረገው በርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ልማዱ ሰፈረው እንጂ። የ233 ሠራተኞችን የአንድ ዓመት ሥራ ከቀድሞው ጋራ ቢያመዛዝን፣ በአንድ ሰዓት የሚሠሩት ሥራ በመቶ 16 ያህል ጨምሮ ተገኘ። ሒሳቡን ስናደርግ ሠራተኞቹ በ8 ሰዓት በፊት በ9 ሰዓት ይሠሩት ከነበረው ጥቂት አብልጠው ሠሩ ማለት ነው። የሰው ጕልበት እንደ ሌንስ የራሱ ወሰን ያለው መሆኑን፣ ወሰኑ ሲታወቅ ሠራተኛውም አሠሪውም እንደሚጠቀሙ በቍጥር አስረዳ። ስለ ድካም በተናገረ ጊዜ የጠቀሰው ምስክር ደግሞ ቆሞ ምሳውን ይበላ የነበረውን የራሱን አባት ነው።

አቤ ጤናው ስለ ታወከ በ1903 ዓ. ም. ከድርጅቱ አመራር ወጣ፤ ጃንዋሪ 14 ቀን 1905 ዓ. ም. በዬና ዐረፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ስትከፈል ድርጅቱም ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በዬና፣ ሌላው በምዕራብ ጀርመን በኦበርኮኽን ሠራ፤ ከ1990 ዓ. ም. የጀርመን አንድነት በኋላ እንደ ገና ተዋሐደ። አቤ የመሠረተው ተቋም ዛሬም የዛይስና የሾት ድርጅቶች ባለቤት ነው።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው ስለ መነጽር ብቻ አይደለም። አቤ የተማረው በአባቱ ድካምና በሌሎች ርዳታ ነበር። ትምህርቱ ሀብት ባመጣለት ጊዜ ያን ርዳታ አላስታወሰም የሚለው አልተገኘም፤ ብድሩን ለማያውቃቸው ሠራተኞች መለሰ። እኛም ያለነው በወላጆቻችን ድካም ነው። ነገ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በየሥራ ቦታው በምንመደብበት ጊዜ ከእኛ በታች የሚቆመው ሠራተኛ ምሳውን ተቀምጦ የሚበላ መሆኑን ማረጋገጥ የእያንዳንዳችን ፈንታ ይሆናል።