ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ ከመርሐ ቤቴ የተነሡት የመጻሕፍት ሰው

በሰሜን ሸዋ ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ የመንዝን ደጋ ወደ ምዕራብ ለሚወርድ መንገደኛ ከሸለቆዎቹ ማዶ የሚያገኘው አገር መርሐ ቤቴ ነው። በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውና በደራሲነታቸው የሚታወቁት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት በዚሁ በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለው ሥፍራ፣ በ1870ዎቹ ዓመታት መባቻ ነበር።

በዚያ ዘመን በመንዝም ሆነ በመርሐ ቤቴ ትምህርት ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ንባብ በመልእክተ ዮሐንስ ይጀምርና ወንጌልን፣ ቀጥሎም ዳዊትን ምዕራፍ በምዕራፍ ይዘልቃል። ንባቡ በግእዝ በመሆኑ ብዙው ተማሪ ዳዊት ደግሞ ሲያበቃ ያነበበው ቃል ምን እንደሚል አያውቅም። ትርጓሜው የሚገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እርሱም መምህር ላገኘና የተማሪ ቤትን ረኀብ ለቻለ ብቻ። ኅሩይ ከቻሉት መካከል ነበሩ። ከትውልድ ቀያቸው ወጥተው በእንጦጦ ራጉኤል ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ የግእዝ ዕውቀታቸውና ብዕራቸውም ወደ መንግሥት አገልግሎት አደረሳቸው።

የሥራ ዘመናቸው በጉዞና በሹመት የተሞላ ነው። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ለንደን ከሄደው ልዑክ ጋር ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ፣ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጃፓን ተጉዘዋል። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትና የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ካገለገሉ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ይሁንና ከሹመታቸው ሁሉ ይልቅ ለአንባቢ የጠቀመው በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሳይሆን አይቀርም። መጽሐፉ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚዘረዝር ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም በጊዜው ትልቅ ጉድለት የሚሞላ ሥራ ነበር። ብራናዎቹ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት የተቀመጡ ናቸው። አንዱ ደብር ያለው መጽሐፍ በሌላው ዘንድ አይታወቅም፤ ጠባቂው ሲያልፍ ዕውቀቱም አብሮ ያልፋል። በአንጻሩ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉት ብራናዎች በለንደን በዝርዝር ተመዝግበው፣ መዝገቡ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ታትሞ ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያን መጻሕፍት ስም ማወቅ ለለንደን ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ጸሐፊ ይልቅ ይቀል ነበር ማለት ነው። ኅሩይ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከቅዱሳት መጻሕፍት እስከ ሕግና ታሪክ መጻሕፍት፣ እየታተሙ ይወጡ የነበሩትንም ጭምር በዝርዝር ጻፉ። በ1920 ዓ.ም. ዝርዝሩን አስፍተው እንደገና አሳተሙት። የሚነበብ መኖሩን ሳያውቅ ማን ያነባል?

ራሳቸውም ጻፉ፤ ብዙ ሥራዎቻቸውም ባቋቋሙት የጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት ታትመዋል። በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ» የተሰኘው ምሳሌያዊ ታሪክና የታወቁ ሰዎችን ሕይወት የሚተርከው «የሕይወት ታሪክ» ወጡ። በ1925 ዓ.ም. የወጣው «አዲስ ዓለም» በተለይ የሚጠቀስ ነው። ባለታሪኩ አወቀ የተጉለት ሰው ነው፤ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋር በተዝካርና በጋብቻ ሥርዓት ይጋጫል። የታሪኩ አወቃቀር ለዛሬ አንባቢ የላላ ቢመስልም ድፍረቱ አልደበዘዘም። በዳዊት ያደገ፣ በሥልጣን ላይ ያለ ሚኒስትር ቤተሰብን ለዕዳ ስለሚዳርግ ድግስ በስሙ መጽሐፍ ማሳተሙ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ የጻፉት የኢትዮጵያ ታሪክ ገና በኅትመት ላይ ነበር፤ ሥራውም ተቋረጠ። ኅሩይ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ወደ ስደት ሄዱ። በካምብሪጅ የተማሩት ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ አገር ቤት ቀርተው ከጥቁር አንበሶች ጋር ሲታገሉ ቆይተው በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። አባት መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተጠለሉበት ቤት ዐረፉ። የአገራቸውን ነጻ መውጣት አላዩም።

ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ከነጻነት በኋላ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መለሱ፤ በአማራ ተራሮች መካከል በተከለለ ሸለቆ ተዘግቶ ያደገ የኢትዮጵያ ልዑል ዓለምን ለማየት የሚወጣበት ታሪክ ነው።