ክርስቲያን ሑልስማየር

በዘመናችን ያለ ነጂ እንዲጓዙ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ያልተጠበቀ መሰናክል ከሚያዩባቸው ዐይኖች አንዱ ራዳር ነው። በዚህ መንገድ መሰናክልን ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያ ሠርቶ በመጀመሪያ በአደባባይ ያሳየው ክርስቲያን ሑልስማየር የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ በጊዜው ዕድሜው ገና ሃያ ሁለት ዓመት ነበር።

ሑልስማየር የተወለደው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. በሰሜን ጀርመን በአይደልሽቴት መንደር ነው። የመምህርነት ሙያ እንዲማር ወደ ብሬመን ከተማ በሄደ ጊዜ የፊዚክስ መምህሩ በቤተ ሙከራው እንዲሠራ ስለ ፈቀደለት የሃይንሪክ ኸርዝን ሙከራዎች ደጋግሞ ፈተነ። ኸርዝ ከኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚነሣ ሞገድ በአየር ውስጥ እንደሚጓዝና ብረት ሲገጥመው እንደ ብርሃን ተንፀባርቆ እንደሚመለስ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። ሌሎች ሰዎች ይህን ሞገድ መልእክት ሊልኩበት ሲጣጣሩ የወጣቱን ልብ የሳበው ግን የሞገዱ መመለስ ነው። በቬዘር ወንዝ ላይ መርከቦች ተጋጭተው ልጇን ያጣች እናት ኀዘን ለዚህ ሥራ እንዳነሣሣው ይነገራል።

ትምህርቱን ሳይፈጽም ትቶ በ1902 በዱሰልዶርፍ ወደሚኖረው ወንድሙ ዘንድ ሄደ። አንድ የኮሎኝ የቆዳ ነጋዴ ገንዘብ አውጥቶለት ሸሪኩ ሆነ፤ በ1904ም ቴሌሞቢሎስኮፕ ብሎ ለሰየመው መሣሪያ የፈጠራ መብት ጠየቀ። መሣሪያው በብልጭታ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ከመርከብ ብረት ተንፀባርቆ ሲመለስ በመቀበያው ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምርና ደወል ይደወላል። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ኮሎኝ ላይ፣ በራይን ወንዝ ዳር፣ መርከብ ሲቀርብ ደወሉ ጮኸ፤ ሲርቅ ዝም አለ። በጁን ወር ደግሞ በሆላንድ፣ በሮተርዳም ወደብ፣ በመርከብ ኩባንያ ሹማምንት ፊት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የነበሩ መርከቦችን አመለከተ።

ይሁን እንጂ የጀርመን ባሕር ኃይልም ሆነ የመርከብ ኩባንያዎች አልገዙትም። መሣሪያው መርከብ መኖሩን እንጂ ርቀቱን አይናገርም ነበር፤ ለዚህም በዓመቱ መጨረሻ ሌላ የፈጠራ መብት በመጠየቅ መላ ሊያበጅለት ሞከረ። የባሰው ችግር ሌላ ነበር። የብረት ብናኙ የራሱን ሞገድ መመለስ ከሌላ ብልጭታ፣ ለምሳሌ ከጎረቤት መርከብ ራዲዮ፣ ለይቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ በከንቱ የተቀሰቀሰ መርከበኛ ሦስተኛውን ደወል እንዴት ያምናል?

ይህ ችግር ዛሬም በሌላ መልክ ይገኛል። የመኪና ራዳር ከድልድይ፣ ከመንገድ ምልክት፣ ከወደቀ ቆርቆሮም ሁሉ ሞገድ ይመለስለታል። መኪናው ለሁሉም ፍሬን ቢይዝ መጓዝ ስለማይቻል፣ ብዙ ጊዜ የቆሙ ነገሮችን ቸል እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ነገር ግን በመንገዱ መካከል ተበላሽቶ የቆመ የጭነት መኪናም ከቆሙት ነገሮች አንዱ ነው። ካሜራው እንዲያግዘው ቢደረግም ዕቃን የሚለየው በተማረው መጠን ነው፤ አስቀድሞ ያልታየውን መለየት እስካሁን መሐንዲሶችን ያደክማል።

ማኅበሩ በ1905 ፈረሰ። ሑልስማየርም ሞገዱን ትቶ በዱሰልዶርፍ የእንፋሎት ማሞቂያና የመሣሪያ ፋብሪካ አቋቋመ፤ በዚህም በለጸገ። በ1910 አግብቶ ስድስት ልጆች አፈራ። በ1935 እንግሊዛውያን በሮበርት ዋትሰን ዋት መሪነት አውሮፕላንን በራዲዮ ሞገድ ሲያገኙ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ራዳር በየግንባሩ ሲቆም እርሱ የማሞቂያ ነጋዴ ነበር። በ1957 በአርቫይለር ከተማ በሰባ አምስት ዓመቱ ዐረፈ።