ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ ከሮም እስከ ሙኒክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ ቆቦ የሚወርደውን መንገድ ለሥራ የምንመላለስበት መሐንዲሶች፣ ሸኖ ላይ ሻይ ጠጥተን ከማለፍ በቀር ስለ ቦታው ብዙም አናስብም። ነገር ግን ሻምበል አበበ ቢቂላ ከዚያ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ፣ በመንዲዳ አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለደ። የእግሮቹን ኃይል ያጣውም በዚሁ በሰሜኑ መንገድ ላይ ነው።

ይህ ጸሐፊ በራያ ቆላ ለመስኖ ሥራ በሰነበተበት ጊዜ፣ ቆቦ ከተማ ውስጥ ማታ ማታ በሚደረገው ጨዋታ የአበበ ስም ሲነሣ ሁሉም አንድ ነገር ይደግም ነበር፤ ጫማ ስላልነበረው በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ ይባላል። በማሽላው መካከል ከብት የሚነዱ ልጆች በባዶ እግራቸው በሚታዩበት አገር ይህ አነጋገር ልብ ይነካል። ሆኖም ሙያችን ስሌትና ዝግጅት የሆነ ሰዎች እንዲሁ ልንቀበለው አይገባም፤ ሰውየውን ያሳንሰዋልና።

አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በእቅድ ያሠለጠነው ሲሆን፣ ልምምዱንም በጫማም ያለ ጫማም አድርጎታል። ሮም ላይ የተገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው፣ የለመደውን መንገድ መረጠ። አሠልጣኙና ሯጩ የውድድሩን መስመር አስቀድመው ተመልክተውት ነበር፤ ወደ ፍጻሜው በሚያደርሰው ጐዳና ላይ ደግሞ ፋሺስት ኢጣሊያ ከአክሱም ነቅሎ የወሰደው ሐውልት ቆሞ ይታይ ነበር። (ያው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መመለሱንና በ2000 ዓ.ም. በቦታው መተከሉን የሙያ ጓደኞቼ ታስታውሳላችሁ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ቤት የዘመን መለወጫ ዋዜማ በነበረበት ምሽት፣ አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጐን ለጐን ሮጠ። ተቀናቃኙ ይለብሰዋል ተብሎ የተጠበቀው ቁጥር 26 ነበር፤ እርሱ ግን 185 ለብሶ ስለ ወጣ፣ አበበ ከአጠገቡ ያለውን ሰው ሳያውቅ 26 ቁጥርን ከፊት ሲፈልግ ቆየ። በመጨረሻም በችቦ ብርሃን በደመቀው መንገድ አፈትልኮ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ። ራዲን በ25 ሰከንድ ያህል ቀደመው፤ የዓለሙንም ምርጥ ሰዓት አሻሻለ። አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ገደማ ጨርሷል ማለት ነው። ከወልድያ እስከ ቆቦ ያለው ርቀት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ በዚያ ፍጥነት ቢሆን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይበቃው ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች የመንግሥት ግልበጣ በሞከሩ ጊዜ፣ አበበም ከጓደኞቹ ጋር ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ።

የቶኪዮው ድል ከሮሙ ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ። ከውድድሩ በፊት፣ ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ነበር። ይህም ሆኖ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ሂትሊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። አበበም እስከዚያ ድረስ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ቆየ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በሜክሲኮ ግን የታመመው እግሩ ስላላስቻለው አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ራሱ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን በሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ የእጆቹን ኃይል መልሶ ሲያገኝ፣ ከወገቡ በታች ያለው ግን አልተመለሰም። ብዙ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል፤ ስሕተት ይመስለኛል። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በተደረገ የሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የመንሸራተቻ ውድድር አንደኛ ወጣ። የራያ ሰው በረዶ ያየ እንደሆነ ምናልባት ሰብሉን ያጠፋበት የሰማይ በረዶ ነው፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሰው መሽቀዳደሙን ስነግራቸው የቆቦ ጓደኞቼ አላመኑኝም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ ከሮጠ ልክ በ12 ዓመቱ፣ ሙኒክ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ የክብር እንግዳ ሆኖ ማራቶኑን ተመለከተ። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ሲወጣ፣ አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር የአበበን እጅ ጨበጠ። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።