የዊልያም ዊልሰን ሕይወት፤ ከስካር ስለ ተፈታ ሰውና ስለ ወንድሞች ጉባኤ

ለስካር የተገዛ ሰው ብቻውን በታገለ ጊዜ ደጋግሞ ይወድቃል፤ ሕመሙን የሚያውቅ ባልንጀራ ሲያገኝ ግን ሊቆም ይችላል። ይህንም አሜሪካዊው ዊልያም ዊልሰን በሕይወቱ አሳየ።

ዊልሰን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. በቬርሞንት ክፍለ ሀገር፣ ኢስት ዶርሴት በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ስለ ተለያዩ ያሳደጉት የእናቱ አባትና እናት ናቸው። በ1917 ዓ.ም. ወጣት መኰንን ሳለ በአንድ ግብዣ ላይ መጠጥ ቀመሰ፤ ዓይነ አፋርነቱም ለጊዜው ስለ ለቀቀው መጠጡን እንደ ወዳጅ ቈጠረው። በማግሥቱ ዓመት ሎይስ በርንሃም የምትባለውን ሴት አገባ። ከጦርነት ተመልሶ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ብዙ ገንዘብ አገኘ፤ ነገር ግን ስካሩ ከሀብቱ ጋር አብሮ አደገ። በ1929 ዓ.ም. ገበያው በወደቀ ጊዜ እርሱም ወደቀ። ሚስቱ በሱቅ ተቀጥራ ቤቱን ታስተዳድር ጀመር፤ እርሱም በየጊዜው እየማለ፣ መሐላውንም እያፈረሰ፣ ከቤት ወደ ሐኪም ቤት ይመላለስ ነበር።

በኅዳር 1934 ዓ.ም. ኤቢ ታቸር የሚባል የቀድሞ የጽዋ ባልንጀራው ሳይሰክር መጥቶ ጐበኘው። ይህ ሰው የኦክስፎርድ ቡድን ከሚባሉ ክርስቲያኖች ጋር ተባብሮ ነበር፤ እነርሱም እየተሰበሰቡ በደላቸውን ይናዘዙ፣ የበደሉትን ይክሱ፣ ሌላውንም ይረዱ ነበር። ዊልሰን በታኅሣሥ ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት ገባ። በዚያም ሆኖ ወደ እግዚአብሔር በጮኸ ጊዜ ብርሃንና ሰላም እንዳገኘ ኋላ ተናገረ፤ ከዚያም ወዲያ እስኪሞት ድረስ መጠጥ አልቀመሰም።

ከዚህ በኋላ ሌሎችን ሰካራሞች ሊያድን ተነሣ። ብዙ ወራት ሰበከላቸው፤ ነገር ግን አንድ እንኳ አልዳነም። ሚስቱ እርሱ ራሱ ሳይጠጣ እንደ ቈየ አስታወሰችው፤ ሐኪሙ ሲልክዎርዝም ስብከቱን ትቶ አስቀድሞ ስለ ራሱ ሕመም እንዲናገር መከረው።

በግንቦት 1935 ዓ.ም. ለንግድ ጉዳይ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀረ። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ሲመላለስ ከአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማ ነበር፤ በሌላው ወገን ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር ነበረ። ራሱን ለማዳን ሌላ ሰካራም መፈለግ እንዳለበት ያን ጊዜ አስተዋለ፤ ወደ ስልኩም ሄደ። አንድ ቄስ ለሰዎች አመለከቱት፤ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ የምትባል ሴትም ከሐኪሙ ከሮበርት ስሚዝ ጋር አገናኘችው።

ስሚዝ ከሁለት ዓመት በላይ በኦክስፎርድ ቡድን ጉባኤ ሲቀመጥ ኖሮ መጠጡን ሊተው አልቻለም ነበር። ለዊልሰን ሩብ ሰዓት ብቻ ሊሰጠው አስቦ ከስድስት ሰዓት በላይ አብሮት ቈየ፤ የሚነግረው ሰው ዳኛ ሳይሆን በዚያው ደዌ የተያዘ ወንድም ነበረና። ስሚዝ አንድ ጊዜ ዳግመኛ ወደቀ፤ ከሰኔ 10 ቀን 1935 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በ1950 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ አልጠጣም። ማኅበሩም ያን ቀን የልደቱ ቀን አድርጎ ይቈጥረዋል።

ጉባኤያቸውም ቀስ በቀስ በዛ። በ1937 ዓ.ም. የኒውዮርኮቹ ከኦክስፎርድ ቡድን ተለዩ። በ1939 ዓ.ም. የክሊቭላንዶቹ እንዲሁ አደረጉ፤ በመካከላቸው የነበሩት ካቶሊኮች በዚያ ቡድን ሥርዐት ለመቈየት ተቸግረው ነበርና። በዚያው ዓመት አሥራ ሁለቱን ደረጃዎች የያዘው መጽሐፍ ታተመ፤ ማኅበሩም በመጽሐፉ ስም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ተባለ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ሎይስ ለሰካራም ቤተ ሰቦች ሌላ ማኅበር እንዲቋቋም ረዳች።

ዊልሰን ነውር የሌለበት ሰው አልነበረም። ብዙ ዓመት በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ተሠቃየ፤ ትንባሆ ማጨስም ሳንባውን ጐዳው። ሆኖም በ1954 ዓ.ም. የዬል ዩኒቨርሲቲ የክብር ማዕርግ ሊሰጠው ባሰበ ጊዜ፣ የአንድ ሰው ክብር ማኅበሩን እንዳይጐዳ ፈርቶ አልቀበልም አለ። በጥር 1971 ዓ.ም. በማያሚ ከተማ ዐረፈ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ወይም ዘመድህ በዚህ ደዌ የተያዛችሁ እንደ ሆነ ከዚህ ታሪክ ተማሩ። ስሚዝ የተቀመጠበት ጉባኤ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ሕመሙን የሚያውቅ ሰው እስኪያገኝ ድረስ አልጠቀመውም። ስለዚህ አንዱ ጉባኤ ባይስማማህ ሌላውን ፈልግ እንጂ ወደ ጽዋው አትመለስ። በአንድ ቀን አትፍረድ፤ ደጋግመህ ሂድ። በዚያ ያሉት የራሳቸውን ውድቀት ይናገሩ እንደ ሆነ፣ የሰማኸውንም ምሥጢር ይጠብቁ እንደ ሆነ መርምር። ድኅነትህን በገንዘብ ከሚሸጥ፣ መሪውንም እንደ ጌታ ከሚያስመልክ ጉባኤ ራቅ። የማኅበሩ ጉባኤ አንዳንዱ ለማንም ክፍት ነው፤ አንዳንዱ ግን መጠጥ ሊተዉ ለሚወዱ ብቻ ነውና፣ ዘመድህን ይዘህ ስትሄድ አስቀድመህ ጠይቅ። ደግሞም ብዙ ዘመን አብዝቶ የጠጣ ሰው መጠጥን በድንገት ቢያቋርጥ ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ሞት ሊያገኘው ይችላልና አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይሂድ።

የዳንህም እንደ ሆነ ገና በአዳራሹ ብቻውን የሚመላለሰውን ሰው አትርሳ፤ እርሱን ስትደግፍ አንተም ትቆማለህና።